የመሃሉ ስፒከር

«ያ ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰውዬ ተቀበረ እኮ» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት፣ ከወልድያ ያስመጣሁትን የክር ካርቶን እያስታቀፈኝ። በቃ፣ እንዲሁ! ጎማ ተነፈሰ እንደሚል ሰው።

«የቱ ሰውዬ?»

«አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው። በሪሁን ነው መሰለኝ ስሙ።»

ካርቶኑን መሬት ላይ ለቀቅኩት። «አንተ ሰው፣ አሳዳጊ የለህም? መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? መንገድ ላይ አቁመኸኝ፣ ዕቃ እያስታቀፍከኝ?» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ምን ልበለው? ዘመዴ አልነበረም። ሰቆጣን ለቆ ወልድያ እህቱ ዘንድ መኖር ከጀመረም ቆይቷል። ቤቴ ገብቼ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አያ በሪሁን ልጅ አልነበረውም፣ ሚስት አልነበረችውም፣ እዚህ አገር ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ይኖር እንደሆነም እንጃ። ስለዚህ እኔው ላውራለት።

በዘጠናዎቹ ዓመታት የእኔን ልብስ ስፌትና የእሱን ቪዲዮ ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ግድግዳ ልበለው እንጂ ወንፊት ነው። ስንት ሰው ሲገደል፣ ስንት ሙሽራ ሲጠለፍ፣ ስንት መኪና ገደል ሲገባ በዚያ በኩል ሰምቻለሁ! ተኩሱ ሲብስ መቀሴ ከመደርደሪያው ላይ ይወድቃል። ያኔ ካውያዬን አንስቼ ግድግዳውን እደበድበዋለሁ። «አያ በሪሁን! እዚህ ሰው አለ!» እላለሁ። እሱም ይቀንስልኛል፤ ተመልሼ እስክቀመጥ ድረስ ብቻ።

«ጆሮህ ደንቁሯል» ስለው፣ «የእኔስ ደህና ነው፤ ያልለመደው ያንቺ ነው» ይለኛል።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ ካቦርት ከላዩ አይወርድም። የዚያን ካቦርት ኪስ ስንቴ ጠግኜዋለሁ! ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭና ማግኔት ሲያጭቅበት እየቀደደው። የወልድያ ልጅ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን እዚያው ተምሮ ለአጭር ሥራ ሰቆጣ መጣና ቀረ። ለምን ቀረህ ስለው «ብርዱ ተስማማኝ» እያለ ይቀልድብኛል። እንደ እሱ ብርድ የሚፈራ ፍጡር ግን አላየሁም፤ ደመና ካየ አንገቱን ካቦርቱ ውስጥ ይቀብራል።

ሲያዳምጥ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሬዲዮም ይሁን የእኔ የስፌት መኪና፣ ሲያዳምጥ የግራ ዓይኑ ድርግም ይላል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ሁለቱንም ከጨፈንኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለቱንም ከገለጥኩ ደግሞ አንቺን ነው የማየው፣ ሥራ አልሠራም» አለኝ። ሂድ ወዲያ ብዬ በክር ማጠንጠኛ ወረወርኩት። እንዲህ ነበርን እንግዲህ፤ ሰው ሲሰማን የተጣላን ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ ከጅዳ የተመለሰ ሰው ሆም ቴአትር የሚባል የፊልም ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ሲጫንና ሲወርድ ተሰባብሮ፣ ለዘመድ አዝማድም ተከፋፍሎ፣ የተረፈው ዋናው መሣሪያና ከኋላ የሚሰቀሉት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩ። አያ በሪሁን ያለ የሌለውን ሰጥቶ ገዛው። ለቀሩት ስፒከሮች የሚሆን ነገር አልተረፈውም። ስለዚህ ከሞተ ቴፕ አንድ ፈታ፤ ገደል ገብቶ ከቀረ አይሱዙ በር ላይ ደግሞ ሌላ ነቀለ። ትንንሾቹን ግራ ላይ ደረባቸው፤ የቴፑን ቀኝ ላይ ሰቀለው፤ የአይሱዙውን መሃል ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠው። በዚህ መሣሪያ የሰው ንግግር በዋናነት የሚወጣው በመሃሉ ነው አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ጢም አለ፤ እኔም ሥራዬን ዘግቼ ገባሁ። ፊልሙ ላይ አንድ ሰውዬ እያወራ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ግራ ሳለ ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጠነ። መሃል ሲደርስ በርሜል ውስጥ የገባ መሰለ። ቀኝ ሲደርስ ደግሞ አፍንጫውን ያነቁት ይመስል ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አያ በሪሁን፣ ሰውዬውን መንገድ ላይ ምን አገኘው?» ይላል አንዱ። «ለውጠውታል እኮ!» ይላል ሌላው። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አያ በሪሁን ግን አልሳቀም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ መጣና «አልተወለዱም» አለኝ።

«እነማን?»

«ስፒከሮቹ። ይኼ ከዚያ ጋር አልተወለደም። ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ባዕድ ቤት እንደገባ ሰው ይደነግጣል።»

ከዚያ ወዲያ አባባሉ ሆነና ቀረ። ካቦርቱ ላይ አዲስ ቁልፍ ብተክልለት እንኳ አገላብጦ ያይና «ይኼ ከእነዚያ ጋር አልተወለደም» ይለኛል። ታዲያ አንተው ውለደው እለዋለሁ።

መሃል ላይ መቀመጥ የነበረበት፣ የትንንሾቹ ወንድም የት እንዳለ ግን ያውቅ ነበር። ከዚያው ዓይነት መሣሪያ የወጣ አንድ የመሃል ስፒከር አምደወርቅ ከተማ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ሬዲዮ ያስጮሃል። ሄዶ አይቶታል፣ ዳብሶታል፣ ለምኗል። ባለ ግሮሰሪው ካቦርትህን ካልሰጠኸኝ አለው። «እሱን ሰጥቼ ብርድ ይግደለኝ?» ብሎ እየተሳደበ ተመለሰ። ቪዲዮ ቤቱ በአይሱዙው ስፒከር ቀጠለ፤ ሰዉም ሳቁን ለመደው።

እንዲህ እያለ አንድ የገበያ ቀን እማማ አበቡ መጡ። ከሰቆጣ ዙሪያ የሚመጡ፣ ለዓመት በዓል ቀሚሳቸውን የምሰፋላቸው ደንበኛዬ ናቸው። ሁልጊዜ ሲገቡ ቀልድ አያጡም። ያን ቀን ግን እንደገቡ ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

«ምነው እማማ? ማን ሞተ?»

«ዝናሽ።»

ክው አልኩ። ዝናሽ ልጃቸው ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ የመንገድ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። «ውይ እናቴ! መቼ ተረዱ?»

«ገና አልተረዳሁም» አሉኝ። «ደብቀውኛል።»

አስቀምጬ ነገሩን ጠየቅኋቸው። ያኔ ስልክ እንደ ልብ አይደለም፤ ዐረብ አገር ያሉት ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው በሚመለስ ሰው ይልኩ ነበር። ዝናሽም ረዥም ጊዜ ድምፅዋ ጠፍቶ ቆየና አንድ ካሴት መጣ። በጎረቤት ቴፕ፣ ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበ ቴፕ፣ ወንድማቸውና ጎረቤቶች ከፍተው አሰሟቸው።

«ልጄን አላውቃትም?» አሉኝ እማማ አበቡ። «ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አጥብቼ፣ አሳድጌ! በቋንቋችን ታወራለች፣ ስሜን ትጠራለች፣ ልጄ ግን አይደለችም። አይደለችም አልኳቸው። ያኔ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሲተያዩ አየኋቸው።»

መተያየታቸው ነው እማማን የገደላቸው። ሰዎቹ እኮ «ምን ነካቸው?» ብለው ነው የተያዩት። እሳቸው ግን ያወቁት መሰላቸው፤ ልጄ ሞታለች፣ አዝመራው እስኪገባና ዘመድ እስኪሰበሰብ ሌላ ሴት በስሟ አስቀርጸው ሊያቆዩኝ ነው አሉ። ወንድማቸው ማለ፣ ቄሱ ገዘቱ። ሲምሉላቸው ባሰባቸው። እውነታቸውን ነው፤ መርዶ የሚደብቅ ሰው ሁሉ ይምላል። እኛስ ስንቴ ምለናል? «ዘመድሽ ትንሽ አመመው እንጂ ደህና ነው» እያልን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራፏ ላይ ቆመን ያላስለቀስናት ሴት አለች?

«እሑድ ለቅሶ እቀመጣለሁ» አሉኝ። «እነሱ ካልነገሩኝ እኔው አለቅሳታለሁ። ልጄ ሳትለቀስ አትቀርም። አንቺ ልብሱን አድርሺልኝ።»

በሕይወት ላለች ልጅ ለቅሶ! ሟርት ነው፤ እናት በአፏ ካለቀሰቻት በኋላ ልጅቱ እንዴት ተመልሳ ትመጣለች? ሴትየዋ ደግሞ እህል ከአፋቸው ከራቀ ሰንብቷል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ልብሱን ለብሰው አንዴ ከተቀመጡ እንደማይነሱ ታወቀኝ።

«አልቆርጥም!» አልኩ፤ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ በዚህ እጄ አልቆርጥም።»

«ሌላ ሰፊ አለ።»

«ሌላው ጋም ቢሄዱ ሄጄ መቀሱን እቀማዋለሁ!»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ግድግዳው ተንኳኳ። በዚህ ጊዜ የተንኳኳው ከወዲያ በኩል ነው። ቀጥሎ አያ በሪሁን በሩ ላይ ቆመ። ሁሉን ሰምቷል።

«እማማ፣ ካሴቱን ይዘውታል?» አላቸው።

ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡት። ወደ ቪዲዮ ቤቱ ወስዶ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው፣ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ የካሴት ማጫወቻውን ከሆም ቴአትሩ ጋር አያይዞ ከፈተው። ከአይሱዙው ስፒከር በርሜል ውስጥ የገባች ሴት ወጣች፤ ከትንንሾቹ ደግሞ ጫጩት። እማማ አበቡ ትንሽ አዳመጡና ተነሡ። «እሷ አይደለችም» አሉ።

«ልክ ነዎት» አላቸው።

በክርኔ ጎሸምኩት፤ አብዷል ብዬ። እሱ ግን ቀጠለ። «በዚህ መሣሪያ እኔ ብናገርም እናቴ አታውቀኝም። መሃሉ ከሌሎቹ ጋር አልተወለደም። ዓርብ ከሰዓት ተመልሰው ይምጡልኝ። ያን ጊዜም አይደለችም ካሉ ይቺ የሺ ልብሱን ትሰፋልዎታለች።»

«ማን ነህ አንተ በእኔ እጅ የምትምለው?» አልኩት እማማ አበቡ ከሄዱ በኋላ። ጨርቁ እኔ ዘንድ ቀረ።

በማግስቱ ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ሲመለስ ያገኘሁት በማዳበሪያ ጆንያ ተጀቡኖ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ብብቱ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን ይዞ ነው። የአምደወርቅን ደጋ ያለ ካቦርት ነው የተሻገረው።

«ካቦርትህስ?»

«እዚያው ቀረ። ብርዱ ተስማማው።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሻይ በርበሬ ጨምሬ አፈላሁለት፤ ጥርሱ ከብርጭቆው ጋር እየተጋጨ ጠጣ።

ስፒከሩን ስንፈታው ዙሪያውን የያዘው ስስ ሽፋን ተቀዷል፤ ግሮሰሪው ሲያስጮኸው ኖሯል መሰለኝ። «ስስ ጨርቅ አምጪ» አለኝ። ገበር ቆርጬ ሰጠሁት፤ በጥፍሩ ዳሰሰና «ይከብዳል» አለ። ሌላ ቆረጥኩ፤ «ይኼ ደረቅ ነው።» ሌላ፤ «ይኼ ማስቲሽ ይስባል።» ጨርቅ የማውቅ እኔ ነኝ ወይስ አንተ ብዬ ደነፋሁ። በመጨረሻ ከራሴ ላይ ሻሼን ፈትቼ ጫፉን ቀደድኩለት። አሸት አሸት አደረገውና ፈገግ አለ። በማስቲሽ ለጥፎ አደረቀው። ከዚያ መሃሉን በጥፍሩ መታ መታ፣ ትንንሾቹንም መታ መታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«አሁን ተወለደ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ጠራኝ። «እስኪ ስሚ፤ ያንቺ ሻሽ ይናገራል።» ካሴቱን ከፈተው። እመብርሃን! ሴት ልጅ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ቆመች ማለት ነው። ዝናሽ ናት፤ ቀሚሷን ስለካላት የምትስቅበት ያ ደረቷ ውስጥ የሚንከባለለው ድምፅ። ደስታዬ ልክ አጣ፤ እጄን አጨበጨብኩ።

አያ በሪሁን ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ምንድነው የምትለው?» አለኝ። ካሴቱ በኽምጣኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ ነው፤ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ አንድ ቃል አያውቅም።

«ደህና ነኝ ትላለች። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ወፍሬያለሁ፣ አታስቡ ነው የምትለው።»

«ደህናስ አይደለችም» አለ። «እያለቀሰች ነው።»

«ኧረ አፍህን ይቁረጠው!»

መልሶ ከፈተው። ቃሉን ትቼ ድምፁን ሰማሁ። በየመሃሉ ትውጣለች። እንባ ነው የምትውጠው። ከኋላዋ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ግድግዳውም ያስተጋባል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው የቀረጸችው። በጎረቤት ቴፕ ይኼ ሁሉ አልተሰማም ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ምን ይደረግ? እኚህ እናት ልጃቸው መኖሯን ሊሰሙ መጥተው ስቃይዋን ሊሰሙ ነው። «ያን ሲቃዋን ብቻ አጥፋልኝ፤ ቁልፎች አሉህ አይደል?» አልኩት። ሞከረ። አንዱን ቁልፍ ዝቅ ሲያደርግ ውሃው ጠፋ፣ ሲቃው ጠፋ፤ ዝናሽም ጠፋች፤ ያቺ የጎረቤት ቴፕ ባዕድ ሴት ተመልሳ መጣች። ከፍ ሲያደርገው ዝናሽ ከነልቅሶዋ መጣች። ብዙ ጊዜ ሞከረው። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ፤ ያ ብርዳሙ ሰውዬ።

«አይለያዩም» አለኝ በመጨረሻ። «ሲቃውም ድምፁም አንድ ላይ ነው ያሉት።»

«ታዲያ?»

«እናት ናቸው፤ ሁሉንም ይስሙ። ሞተች ከሚሉ አለቀሰች ይበሉ።» ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም። ሰው ለሰው ሲጨነቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም ለማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ቋንቋ።

ከሰዓት እማማ አበቡ ወንድማቸውን አስከትለው መጡ። አልተቀመጡም፤ ቆመው ይሰማሉ። አያ በሪሁን ካሴቱን ከፈተ። ዝናሽ «እምዬ» ብላ ጀመረች። እማማ አበቡ ሁለተኛውን ቃል አልጠበቁም። እየተንደረደሩ ሄደው የመሃሉን ስፒከር በሁለት እጃቸው ያዙት፤ የሕፃን ልጅ ፊት እንደሚይዙ አድርገው። «እሷ ናት! እሷ ናት!» አሉ፤ በእሳቸውም ቋንቋ አሉ፣ በእኛም አሉ። እልልታቸው ያን ሁሉ ተኩስ የቻለውን ግድግዳ አንቀጠቀጠው። ወንድማቸው መሬት ስሞ ተነሣ።

ካሴቱ እስኪያልቅ አቅፈውት ቆዩ። «መልሰው» አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ እልል አላሉም፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። አያ በሪሁን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ሲቃ ይዟታል» አሉ ቀስ ብለው። «እያወቅህ ነው ያሰማኸኝ?»

«አዎ፣ እማማ። ላጠፋው ሞክሬ ነበር፤ እሷም አብራ ስትጠፋብኝ ተውኩት።»

እማማ አበቡ ቀጥለው «ካሴት አለህ? እኔም እልክላታለሁ» አሉ።

የዝናሽ እናት ያን ቀን የተናገሩት ካሴት ጅዳ ደርሷል፤ ዝናሽም ከዓመት በኋላ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገብታለች፤ አሁን የልጆች እናት ናት። እኔ አያ በሪሁንን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ያ ከሰዓት ነው። መቅጃውን እማማ አበቡ ፊት አስቀመጠ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ካሴቱ መዞር ጀመረ። በእጁ «ይናገሩ» አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው በኽምጣኛ ጥቂት ቃል ተናገሩና እጃቸውን አነሡ።

«በቃ?» አላቸው። «ገና ብዙ ባዶ አለ እኮ።»

«በቃ። እሷ ይበቃታል።»

አያ በሪሁን ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሏት?»

«‹ደህና ነኝ አትበይኝ፤ ሰምቼሻለሁ፤ ነይ› ነው ያሏት» አልኩት።

ሽቦ የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጠን። የተፈታ ሽቦ አልነበረም። ካቦርት የሌለው ቀጭን ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁና እኔንም ልቅሶዬ አሸነፈኝ፤ በተቀደደው ሻሼ ዓይኔን ሸፈንኩ። እማማ አበቡ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩን።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አሉ ተቆጥተው። «ልጄ እኮ አለች!»